ለልጆቻችን ቅዳሜ የኢያን ራይት ጉዞ፤ ለጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ለንደን በማኅበራችን ኳስ ለሚጫወቱ ልጆቻችን ከሜዳ ውጭ አንድ ቀን እናዘጋጅ ተባብለን ነበር። ጉባኤው ሳይደርስ ሐሳቡን በጋራ እንጻፈው። መነሻ ልወርውር፤ ቀኑ ስለ ቀድሞው የአርሴናልና የእንግሊዝ አጥቂ ስለ ኢያን ራይት ይሁን። ልጆቹ የሚያውቁት በቴሌቪዥን ሲስቅ ነው። ለአርሴናል 288 ጊዜ ተሰልፎ 185 ጎል ማግባቱን ስንቶቹ ያውቃሉ? አዳራሻችን ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ቪዲዮ እናሳያቸው፣ ከዚያ ሻይና ዳቦ። ምን ትላላችሁ?

አሰልጣኙ፦
ደስ ይላል። ከ179ኛው ጎል እንጀምርላቸው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1997፣ በያኔው የአርሴናል ሜዳ ሃይበሪ፣ ከቦልተን ጋር። የክለቡን ክብረ ወሰን፣ የክሊፍ ባስቲንን 178 ጎል፣ ከ50 ዓመት በላይ የደረሰበት አልነበረም። ራይት አገባና ማሊያውን ገለበ፤ ከሥሩ «179» የተጻፈበት ካናቴራ ለብሷል። ሰውዬው ተቻኩሎ ነው! ያ ገና 178ኛው ነበር። ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛውን ከጎል አፍ ላይ ገፋ አድርጎ አስገባና ድጋሚ ገለበ። ያን ቀን በሀትሪክ (ሦስት ጎል አግብቶ) ነው የወጣው። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ገንዘብ ያዡ፦
ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አዳራሹ በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ለሠርግ ተይዟል። ሁለተኛ፣ እኔ የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ነኝ፤ ስለ አርሴናል ለሚደረግ ዝግጅት ገንዘብ አውጣ ስትሉኝ ትንሽ እዘኑልኝ።

አሰልጣኙ፦
እሺ፣ ለአንተ የ1990ውን የኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ እናሳይልሃለን። ራይት ያኔ የሚጫወተው ለክሪስታል ፓላስ ነው፤ እግሩ ተሰብሮ ገና መዳኑ ነው። ማንቼ 2 ለ 1 እየመራ ተቀይሮ ገባ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አቻ አደረገ፣ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አስመራ።

ገንዘብ ያዡ፦
ከዚያ የኛው ሂዩዝ 3 ለ 3 አደረገ፣ በድጋሚው ጨዋታ ዋንጫው ወደ ቤቱ፣ ወደ ማንቼ ገባ። ተስማምቻለሁ፣ ይሄ ይካተት።

የቅዳሜ ትምህርት ቤት መምህርቷ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ በጎሎቹ መጀመሩ አልጣመኝም። ጎሉን ልጆቹ በስልካቸው ያዩታል። አንዱን ልጃችንን ታውቁታላችሁ፤ 15 ዓመቱ ነው፣ ባለፈው ወር ከነበረበት አካዳሚ አሰናበቱት። ሁለት ቅዳሜ ክፍል አልመጣም። ሲመጣም ኳስ የሚባል ነገር እንዲነሣበት አልፈለገም። ለሱ 179 ቁጥር ምን ይሠራለታል?

እሱ መስማት ያለበት ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ራይት በልጅነቱ ክለቦች ሞክረው መልሰውታል፤ ሳውዝኤንድ አልወሰደውም፣ ብራይተንም አልወሰደውም። የጉልበት ሥራ እየሠራ እሑድ እሑድ ሰፈር ውስጥ ይጫወት ነበር። ፓላስ ያስፈረመው በ1985 ክረምት ነው፤ 22 ዓመት ሊሞላው ወራት ሲቀሩት። ያውም ለነበረበት ትንሽ ክለብ ለግሪንዊች ቦሮ የተከፈለው የክብደት ማንሻ ብረት ነው ይባላል። በዚያ ዕድሜ አብዛኛው ተጫዋች ወይ ቡድን ውስጥ ሥፍራ ይዟል ወይ ተስፋ ቆርጧል።

ደግሞ የራይት አስተማሪ አሉ፣ ሚስተር ሲድኒ ፒግደን። ራይት ልጅ ሳለ ቤት ውስጥ ችግር ነበረበት፣ ክፍል ውስጥ ይረብሻል፣ እየተባረረ ውጭ ይቆማል። እሳቸው ጠርተው ማንበብና መጻፍ አስተማሩት፣ በትምህርት ቤቱ ትንሽ ኃላፊነት ሰጡት። ኳሱንም ዝም ብሎ በጉልበት ከመምታት ይልቅ ረጋ ብሎ ጎሉ ውስጥ ማስቀመጥን አሳዩት። በ2005 ሃይበሪ ላይ ድንገት አገናኟቸው። ራይት ሞተዋል ብሎ ያስብ ነበር። ሲያያቸው ቆቡን አውልቆ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከዚያ አለቀሰ። ያን ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር እኔም አለቅሳለሁ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል።

የወላጆች ተወካይ፦
መምህርት ልክ ነሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእስር ቤቱ ጉዳይ ነው። ሰውየው ታስሮ ነበር አይደል? ልጆቼን «ታስሮ ወጥቶ ኮከብ ሆነ» የሚል ነገር እንዲሰሙ አልፈልግም። ነገ «እሱም ታስሯል» ይሉኛል።

መምህርቷ፦
የታሰረው ያልከፈለው የመኪና ቅጣት ተጠራቅሞበት ነው፣ ቼምስፎርድ እስር ቤት። ረጅም ጊዜ አልቆየም። እሱ ራሱ ሲናገር ክፍሉ ውስጥ እንዳለቀሰና ከዚያ በኋላ በኳስ ልቡን ሰጥቶ እንደሚሞክር እንደማለ ይገልጻል። ብንደብቀው ልጆቹ ያገኙታል። እኛ ብንነግራቸው አይሻልም?

የወላጆች ተወካይ፦
እሺ፣ ግን ከ13 ዓመት በታች ላሉት አይሁን። ቅጣት በጊዜ መክፈል እንዳለባቸውም ይነገራቸው፤ አባቶቻቸውም ቢሰሙ አይጎዳም።

ጋሼ (ከነባር አባላት)፦
ልጆች፣ እኔም ልግባ። በ91 ራይት ሲመጣ ሃይበሪ «ኖርዝ ባንክ» በሚባለው የደጋፊዎች መቆሚያ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ያኔ ቁጭ ማለት የለም። 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለክለቡ ክብረ ወሰን ነበር። ሰው ሁሉ አጥቂ ሞልቶን ምን ሊሠራልን ነው ይል ነበር፤ ስሚዝ አለ፣ ሜርሰን አለ፣ ካምቤል አለ። የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ሳውዝሃምፕተን ላይ ሦስት አገባና ሁላችንም ዝም አልን። በዚያው ዓመት የፓላሱን ጨምሮ በ29 ጎል የሊጉ ኮከብ አግቢ ሆነ።

ግን ሮካስልን አትርሱብኝ። ዴቪድ ሮካስል ከራይት ጋር እዚያው ደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ብሮክሊ አንድ መንደር ውስጥ ነው ያደገው። በዕድሜ ያንሰዋል፣ ግን ቀድሞት አርሴናል ገባ። ራይት ገና የሰፈር ኳስ ላይ ሳለ ትንሹ ልጅ ለትልቁ ምሳሌ ሆነው ማለት ነው። አርሴናል ውስጥ አብረው የተጫወቱት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሮካስል በ2001 በ33 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። ነፍሱን ይማር፤ እንደሱ የሚንሸራተት ተጫዋች አላየሁም።

የወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ፣ ብሮክሊ ሲሉ አንድ ነገር ታየኝ። አዳራሽ ለምን አስፈለገን? ካርታውን ክፈቱት። የለንደን ኦቨርግራውንድ ባቡር ዊንድራሽ መስመር ራይት ባደገበት በብሮክሊ ያልፋል። ወደ ደቡብ ሲሄድ ኖርውድ ጀንክሽን ይቆማል፤ የፓላስ ሜዳ ሴልኸርስት ፓርክ ከዚያ በእግር ነው። ወደ ሰሜን ደግሞ መጨረሻው ሃይበሪና ኢዝሊንግተን ጣቢያ ነው። የሰውየው ሕይወት በሙሉ አንድ የባቡር መስመር ላይ ነው! ስሙም ይገጥማል፤ መስመሩ የተሰየመው ከካሪቢያን ለመጡት ስደተኞች መታሰቢያ ነው፣ የራይት ወላጆችም ከጃማይካ ናቸው።

አሰልጣኙ፦
ውይ፣ ይሄ አሪፍ ነው። የድሮው ሃይበሪ አሁን አፓርታማ ሆኗል፣ የምሥራቁ መቀመጫ ፊት ግን እንዳለ ነው። ሜዳው የአትክልት ቦታ ሆኗል። የ179ን ታሪክ እዚያው በር ላይ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለእንግሊዝ 33 ጊዜ ተጫውቶ 9 ጎል ብቻ ነው ያለው፣ አራቱ በአንድ ቀን ሳን ማሪኖ ላይ። የዓለም ዋንጫም ሆነ የአውሮፓ ዋንጫ አንድም ጊዜ አልሄደም። በ98 ሊሄድ ሲል ጉዳት አስቀረው። ይሄንንም በባቡሩ ውስጥ እንንገራቸው፤ ሁሉ ነገር የተሳካለት እንዳይመስላቸው።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ የሁላችሁን ሰብስቤ ጽፌዋለሁ፤ እዩልኝ።

«ማኅበሩ ለ11 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች የአንድ ቅዳሜ ጉዞ ያዘጋጃል። መነሻው ብሮክሊ ሲሆን ጋሼ ስለ ሮካስልና ስለ ሰፈሩ ኳስ ያወራሉ፣ መምህርቷ ስለ ሚስተር ፒግደን። ሴልኸርስት ፓርክ አጥር ሥር ስለ 1985ቱ ፊርማና ስለ 1990ው ፍጻሜ ይነገራል። የእስሩን ጉዳይ ለብቻ ለትልልቆቹ አሰልጣኙ ይነግራቸዋል። ከምሳ በኋላ ሃይበሪ። ወላጆች በፈቃዳቸው አብረው ይሄዳሉ። ማኅበሩ የባቡሩን ወጪ ይሸፍናል፣ ምሳ ከየቤቱ።»

ማረሚያ ካለ ዛሬ ማታ ድረስ።

መምህርቷ፦
ያ የተሰናበተው ልጅ እንዲመጣ እኔ ራሴ እናቱ ጋ እደውላለሁ። ጉዞው ለሱ እንደሆነ ግን ማንም እንዳይነግረው፣ አደራ።

ጋሼ፦
እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ከኖርውድ ጀንክሽን እስከ ሜዳው ቀስ ብላችሁ ካልሄዳችሁ ባቡር ጣቢያው ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ገንዘብ ያዡ፦
ለ20 ልጅ የባቡር ሒሳቡን ሠርቼ ነገ አመጣለሁ። ጋሼን ከጣቢያው በመኪና እኔ አደርሳለሁ። የማንቼ ማሊያዬን ለብሼ ነው የምመጣው፣ ከአሁኑ ይታወቅልኝ።