17ኛው ባር (የኖታ ክፍል) ላይ ሁልጊዜ እሰናከላለሁ፤ ፒያኖ እንዴት ነው የሚለማመዱት?

የአዘዞዋ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ላብራቶሪ እሠራለሁ። 33 ዓመቴ ነው። ፒያኖ የጀመርኩት አምና ጥቅምት ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመለስ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ይዞልኝ መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ስለነበረ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሚያስተምረኝ ሰው በወር ሁለቴ ብቻ ነው የማገኘው። ቀሪውን በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ነው። አሁን አንዲት አጭር ሚኑየት ይዣለሁ፤ በየባሩ ሦስት ምት ያላት የድሮ የአውሮፓ የዳንስ ሙዚቃ ናት። 32 ባር ናት። ከ1 እስከ 16 ደስ እያለኝ እጫወታለሁ። 17ኛው ላይ ግራ እጄ ቦታ ሲቀይር ይጠፋብኛል። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ እዚያው ስደርስ እንደገና እሳሳታለሁ፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ሁለት ወር ሆነኝ።

ሥራዬ ፈረቃ ስለሆነ በአዘቦት ቀን አልነካውም። ቅዳሜና እሑድ ሦስት ሦስት ሰዓት እቀመጣለሁ። እሑድ ማታ የተሻለ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሁሉም ጠፍቶ ይጠብቀኛል። የቀኝ እጄ አንጓም ማመም ጀምሯል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያቺም ቀን ትቀራለች።

ጣቴ ለዚህ አልተፈጠረም ይሆን? ወይስ አለማመዴ ነው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። 9 ዓመት የሆናት ልጄም አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች፤ የኔን ጥፋት እንዳትወርስ እፈልጋለሁ።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጣትሽ ምንም አልሆነም። መልሱም እዚያው ጽሑፍሽ ውስጥ አለ።

እስቲ እንቁጠር። በአንድ ቅዳሜ 40 ጊዜ ከመጀመሪያው ብትነሺ፣ 1ኛውን ባር 40 ጊዜ ተጫውተሻል። 17ኛውንም 40 ጊዜ ነክተሻል፤ ግን 40ውንም ጊዜ ተሳስተሽ። ጣት ትክክሉንና ስህተቱን አይለይም። የደጋገሙለትን ይይዛል። የያዘልሽም መሰናከሉን ነው።

ይህን እኔ መጀመሪያ የተማርኩት ከፒያኖ አይደለም። ልጅ ሆኜ እዚሁ ጎንደር ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። በዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የማኅሌት ዜማና ሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያ መሆኗን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ከእዚያ ሳልደርስ ነው ያቋረጥኩት፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡናል። ዜማው አንድ ቦታ ከተሰበረ "መልስ" ይላሉ። ከመጀመሪያው አልነበረም የምንመልሰው። ከተሰበረችው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ብለን እሷን ብቻ እንይዛለን። ያቺ ሳትጠራ አዲስ ቀለም አይሰጡም። ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። በ27 ዓመቴ አዲስ አበባ ፒያኖ ስማር ግን፣ ከእኔ ቀድመው የጀመሩትን የደረስኩባቸው በዚያች "መልስ" ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ነገ ስትቀመጪ 1ኛውን ባር አትንኪው። ከ16ኛው ባር የመጨረሻ ምት ተነሺና 18ኛው ባር መጀመሪያ ላይ ቁሚ። ይኸው ነው፣ አምስት ምት። መጀመሪያ ግራ እጅ ብቻውን። ከኖታው በላይ የጣት ቁጥር በእርሳስ ጻፊበት፤ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5። ጠርጥሬ ልንገርሽ፦ እስከ ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ በየጊዜው የተለያየ ጣት ነው የምትልኪው። ጣቱ ካልተወሰነ እጅ መንገድ አያገኝም። ወስነሽ ከጻፍሽ በኋላ አትቀያይሪ።

ስልክሽ ላይ ነፃ የሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር) አፕ ጫኚ። በደቂቃ 50 ምት ላይ አድርጊው። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን ሳትሳሳቺ መጫወት የምትችይበት ፍጥነት የትኛውም ይሁን፣ ትክክለኛው ፍጥነትሽ እሱ ነው። 5 የሽምብራ ቆሎ በኪቦርዱ ግራ በኩል ደርድሪ። አንዴ በትክክል ስትጫወቺ አንዷን ወደ ቀኝ። ከተሳሳትሽ ሁሉም ወደ ግራ ይመለሳሉ። አምስቱም ቀኝ ሲገቡ 54 አድርጊው። ከዚያ 58። ከተበላሸ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ መናደድ አያስፈልግም። ግራው ሲጠራ ቀኙን፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ፤ ሁለቱን ስታገናኚ ግን እንደገና ከ50 ጀምሪ።

ስለ ሰዓቱ። ቅዳሜና እሑድ ስድስት ሰዓት ከምትቀመጪ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻልሻል። ድምሩ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ግን በመካከሉ ሰባት ሌሊት አለ። ቆሎ ተማሪ ቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ ነው የሚያጠናው። ማታ የተንገዳገደብን ዜማ ጠዋት ስንነሳ ቀጥ ብሎ ይገኝ ነበር። ጣት የተማረውን እንቅልፍ እንደሚያጸናው ዛሬ ተመራማሪዎችም የሚሉት ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ ከሆንሽ ደግሞ 10 ደቂቃም ይበቃል። ዋናው መዝለል የለበትም።

መብራት ከጠፋ ጠረጴዛ ላይ ተለማመጂ። ቀልድ አይደለም። ግራ እጅሽን ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ጣትሽን በቁጥሩ እያንቀሳቀስሽ ዜማውን በአፍሽ በይው። ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ ስትሄጂም የግራ እጁን ዜማ ብቻ አዚሚው። ያለ ኪቦርድ ማዜም ካቃተሽ፣ ገና አላወቅሽውም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ካይሮ በተማሩበት ጊዜ በቀን 9 ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደነበር ስለሚነገር፣ ብዙ ሰው ሰዓቱን ብቻ ይዞ ተስፋ ይቆርጣል። ያ 9 ሰዓት ለፒያኖና ለቫዮሊን የተከፈለ ነበር፤ አጠገባቸውም አስተማሪ ነበር። እማሆይ እኮ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚህ ጎንደር ኖረዋል፣ የቅዱስ ያሬድንም ዜማ አጥንተዋል። ደጅ የሚያድሩትን የዜማ ተማሪዎች አይተው ነው የሙዚቃ ሸክላቸውን ገቢ ለእነሱ ያዋሉት። ጎንደር ላይ ፒያኖ መማር ለአንቺ ባዕድ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ማራኪ ሰፈር፦

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለ አንጓሽ ብቻ ልናገር። ሲያምሽ አቁሚ። ህመም "ታገሺውና ያልፋል" የሚባል ነገር አይደለም። ኪቦርዱን ምን ላይ ነው የምታስቀምጪው? ብዙ ሰው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ያደርገውና ከፍ ይልበታል፤ ከዚያ አንጓው ታጥፎ ይሠራል። ክንድሽ ከክርን እስከ አንጓ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ወንበሩ ካጠረ ትራስ ደርቢበት። ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ እየወጣ እንደሆነም ተመልከቺ። በየ20 ደቂቃው ተነሺ። ሦስት ሰዓት በአንድ መቀመጫ ለማንም እጅ አይሆንም። በሁለት ሳምንት ካልተሻለሽ ወይም ጣትሽ ከደነዘዘ ሐኪም ይየው።

የሰርግ ኪቦርድ፦

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ልለይ። እኔ 11 ዓመት ሰርግ ላይ ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ሰርግ ላይ "መልስ" የሚባል ነገር የለም። ሙሽሮች እየገቡ ነው፣ ሰው እያጨበጨበ ነው፤ ብትሳሳቺም ምቱን ይዘሽ ታልፊያለሽ። ሁልጊዜ ስህተት ላይ የሚቆም ሰው፣ መቆምም ይለምድበታል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ ሰው ፊት ሲቀርብ በዚህ ሲወድቅ አይቻለሁ። ስለዚህ በልምምድሽ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትቆሚ ተጫወቺ። በስልክሽ ቅጂው። ነገ ጠዋት ስሚው። ስትጫወቺ ያልሰማሽውን ትሰሚያለሽ። እኔ ምቴ እንደሚሮጥ ያወቅኩት ከቅጂ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሌላው፣ ኖታ ብቻ አትጫወቺ። ጆሮሽም ይሥራ። ሦስት ሆነው የተደረደሩትን ጥቁር ቁልፎች ፈልጊ። ከእነሱ በስተግራ ጫፍ ካለው ጀምረሽ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ወደ ላይ ሂጂ፤ አምስቱ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ናቸው። ነጩ ላይ ደግሞ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ልጅሽን ጥቁሮቹ ላይ አስቀምጫትና የፈለገችውን ትሞክር፤ የማይጥም ድምፅ አታገኝም። ትዝታውን ከለመድሽ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ብለሽ የባቲን ቅኝት ሞክሪ። መሲንቆ እየሰማ ያደገ የጎንደር ሰው ጆሮው እነዚህን ያውቃቸዋል፤ ጣቱ ብቻ ነው የሚቀረው።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦

ወንድሜ ልክ ብለሃል፣ ተቀብያለሁ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ሳይቆሙ ማለፍ ያስፈልጋል። እኛም በበዓል ቀን ማኅሌት ስንቆም "መልስ" የሚለን አልነበረም። እኔ የፈራሁት ሰው ያንን አንድ ጊዜ አሥር እንዳያደርገው ነው።

የአዘዞዋ፦

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነው የተመለስኩት፤ ሞክሬ ሳላይ መጻፍ አልፈለግኩም። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ የጠረጠሩት ልክ ነበር። በስልክ ቀርጬ ሳየው ግራ እጄ 17ኛው ባር ላይ አንዴ በ5፣ አንዴ በ4 ነበር የሚገባው። በ5 ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ሽምብራው ከሁለት በላይ አልሄደም፤ አንድ ቀን አልቅሻለሁም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ አምስቱም በአንዴ ቀኝ ገቡ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መናገር አልችልም። አሁን በሁለቱም እጅ 72 ላይ ነኝ።

ወንበሬ ላይ ትራስ ደርቤበታለሁ፤ አንጓዬ ከዚያ ወዲህ አላመመኝም። ማታ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ በሄድፎን ነው የምለማመደው፤ አከራያችን እንዳይረበሹ። መብራት የጠፋባቸው ሁለት ቀናት ጠረጴዛ ላይ ሠራሁ፤ እውነትም ይሠራል።

ልጄ ጥቁሮቹን ይዛ የራሷን ዜማ ፈጥራለች። እኔ ስለማመድ ደግሞ ሽምብራውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ሆናለች። ስሳሳት አምስቱንም ወደ ግራ ትመልስና "መልሺ እማዬ" ትለኛለች።

አሁን ያስቸገረኝ 25ኛው ባር ነው። ቀኝ እጄ ላይ አውራ ጣቴ ከ3ኛው ጣት ስር ሲያልፍ ድምፁ ይጮሃል፣ ከሌሎቹ ይበልጣል። ቀስ ብዬም ስጫወት ያው ነው። ጋሼ፣ ይህንን እንዴት ነው የማለሳልሰው?