የስፒከር ማቆሚያዬ ምሰሶ ከመሠረቱ ተላቀቀ፤ የትኛው ማጣበቂያ ይይዘዋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቤቴ ከሠራኋቸው ሁለት የእንጨት ስፒከር ማቆሚያዎች አንዱ አሁን ከመሠረቱ ተላቅቆ ወደ ፊት አዘነበለ፤ ስፒከሩን መሬት ሳይደርስ በእጄ ያዝኩት። ምሰሶው ከታችኛው ጣውላ ጋር የተያያዘው በነጭ ኮላና ከታች ወደ ላይ በገቡ ሁለት ቪቶች ነበር። ቪቶቹ አሁን ባዶ ይሽከረከራሉ እንጂ አይጠብቁም። ዲዛይኑን መቀየር አልፈልግም፤ ምሰሶው ቀጭን ሆኖ ወደ ኋላ የተጠጋ ስለሆነ ከፊት ሲታይ ስፒከሩ አየር ላይ የቆመ ይመስላል፣ የለፋሁትም ለዚህ መልክ ነው። ዛሬውኑ መጠገን ስላለብኝ ከነጭ ኮላ የበለጠ የሚይዘው የትኛው እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጥድ፦
ሁለቱ ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚሠሩበትን ኢፖክሲ ይጠቀሙ። አሮጌውን ኮላ በመሮ ፍቀው በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፤ ነጭ ኮላ በደረቀ ነጭ ኮላ ላይ አይይዝምና ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ ማጽዳቱ ግድ ነው። ከዚያም በማጥበቂያ አስረው እስከ ነገ አይንኩት።

ቀና ጆሮ፦
ከጥገናው በፊት ቁመቱን ቢያጤኑት መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ማቆሚያ ሲሠራ መልኩን አስቀድሞ ድምፁን ይረሳል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ከተቀመጠ አድማጭ ጆሮ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቀጭን ድምፅ እንደ ወፍራሙ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለማይሰራጭ፣ ከጆሮ በታች ወይም በላይ ከሆነ ጥራቱ ይቀንሳል። በሚያዳምጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከወለል እስከ ጆሮዎ ያስለኩ፤ ከዚያ ላይ ከስፒከሩ ግርጌ እስከ ትዊተሩ መሐል ያለውን ይቀንሱ፤ የሚቀረው የማቆሚያው ቁመት ነው። ለምሳሌ ጆሮ 95 ሳንቲ ሜትር፣ ትዊተሩ ደግሞ ከግርጌው 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ማቆሚያው 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ምሰሶው አሁን ስለተነቀለ ማሳጠር ካስፈለገ ጊዜው ይኸው ነው።

የመሮ ልጅ፦
ጠያቂያችን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ጥያቄው ራሱ ወደ ተሳሳተ መንገድ የሚወስድ ይመስለኛል። ችግሩ ኮላው አይደለም። ምሰሶው መሠረቱ ላይ የቆመው በተቆረጠ ጫፉ ነው፤ በዚያ ጫፍ ቃጫው አፉን ከፍቶ ስለሚቆም ኮላውን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፣ ለመያዣ የሚቀረው ጥቂት ነው። ቪቱም ከቃጫው ጋር ትይዩ ሲገባ ጥርሱ የሚነክሰው የተቆራረጡ አጫጭር ቃጫዎችን ስለሆነ በቀላሉ ይመዘዛል። የምሰሶውን ውፍረት፣ የስፒከሩን ክብደትና የመሠረቱን ስፋት ይንገሩን። ደግሞም ሁለተኛው ማቆሚያ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ ከሆነ ስፒከሩን አሁኑኑ ያውርዱት።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ምሰሶው 7 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን እንጨት ነው። ስፒከሩ 7 ኪሎ ይመዝናል። መሠረቱ 25 በ25 ነው። የስፒከሩ መሐል ከምሰሶው መሐል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይወጣል። ቪቶቹ በምሰሶው መሐል መስመር ላይ ጎን ለጎን የገቡ ናቸው። ሁለተኛው ግን እስካሁን ምንም አልሆነም።

ጥድ፦
ኢፖክሲ ይበቃዋል ብዬ አሁንም አምናለሁ። በደንብ ከጸዳና ጫፉ ቀድሞ በስሱ ተቀብቶ ከጠጣ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ከተቀባ ይይዛል።

የመሮ ልጅ፦
ጥድ ስለ አቀባቡ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኃይሉን እናስላው። ምሰሶው ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚዞረው በፊተኛው ጠርዙ ላይ ነው። የስፒከሩ ክብደት ከዚያ ጠርዝ 6.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይገኛል፤ ቪቶቹ ግን ከጠርዙ 3.5 ብቻ ወደ ኋላ ናቸው። ስለዚህ 7 ኪሎው ስፒከር ማንም ሳይነካው ቪቶቹን ሌት ተቀን በ13 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይስባቸዋል። አንድ ሰው ሲያልፍ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በ2 ኪሎ ኃይል ብቻ ከኋላ ቢገፋው ደግሞ ሌላ 45 ኪሎ ያህል ይጨመርበታል። ሁለተኛው ማቆሚያ «ምንም አልሆነም» ማለት ገና አልተነቀለም ማለት ብቻ ነው።

መልኩን ሳይለውጡ የሚጠግኑበት መንገድ አለ፤ የድሮ አልጋ ሠሪዎች እግርና ጎኑን ሲያያይዙ የሚጠቀሙበት ነው። ከምሰሶው ጀርባ፣ ከግርጌው 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ወደ ውስጥ አግድም ቀዳዳ ይብሱ። በዚያ ቀዳዳ መሐሉ ላይ የብሎን ጥርስ የወጣለት አጭር ክብ ብረት ይግባ። ከዚያም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ረጅም ብሎን ከመሠረቱ ሥር ሽቅብ አስገብተው ከብረቱ ጋር ያጥብቁት። ብሎኑ እንጨቱን አይነክስም፤ የሚስበው ያንን ተሻጋሪ ብረት ነው፣ ብረቱ ደግሞ ከሥሩ ያለውን 7 ሳንቲ ሜትር እንጨት ከመሠረቱ ጋር ይጨምቀዋል። ሁለት ብሎኖች ጎን ለጎን ያስገቡ፤ ቦታቸው ከመሐሉ ይልቅ ወደ ጀርባው ይጠጋ፣ ከፊተኛው ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ቢርቁ ያ 13 ኪሎ ወደ 9 ይወርዳል። የብሎኑ ራስ ከሮንዴላው (ከራሱ ሥር ከሚገባው መሐሉ የተበሳ ስስ ክብ ብረት) ጋር በመሠረቱ ሥር ተሰርስሮ ይቀበር፤ አለዚያ ማቆሚያው ወለል ላይ ይወዛወዛል። የጀርባውን ቀዳዳ ከዚያው እንጨት በተላገ ክዳን ቢደፍኑት ከፊት የሚታይ ነገር አይኖርም።

ጠያቂ፦
እንዲህ ዓይነት ክብ ብረት አሁን እጄ ላይ የለም። ተራ ዳዶ አይሆንም?

የመሮ ልጅ፦
ይሆናል። በክብ ቀዳዳው ፋንታ ከጀርባው በመሮ አራት ማዕዘን ኪስ ይቆፍሩ፤ የኪሱ የታች ወለል ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን። ሰፊ ሮንዴላ ካስቀመጡ በኋላ ዳዶውን ከላዩ ያድርጉ። ያለ ሮንዴላ ግን ዳዶው እንጨቱን እየጨፈለቀ ይሰምጣል፣ ብሎኑም ከጊዜ በኋላ ይላላል።

አሸዋማ፦
ምሰሶው ድፍን መሆኑ ያሳዝናል። ከአራት ጣውላ ባዶ ሣጥን አድርገው ቢሠሩት ኖሮ በደረቅ አሸዋ ይሞሉት ነበር፤ ውስጡ 10 በ10፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምሰሶ 6 ሊትር ይይዛል፣ ይህም ወደ 9 ኪሎ ተኩል አሸዋ ነው። ማቆሚያው ይከብዳል፣ ሲመቱትም አይጮህም። አሸዋው በስንጥቅ እንዳይፈስ በላስቲክ ከረጢት ይግባ።

ቀና ጆሮ፦
አሸዋው መልካም ነው፤ ግን ጠያቂው ቀጭን ምሰሶ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። ክብደቱ ከላይ ሳይሆን ከታች ቢሆን ይሻላል፤ ከመሠረቱ ሥር ወፍራም የብረት ሰሌዳ ማሰር ይቻላል።

የመሮ ልጅ፦
ከክብደቱ በፊት ስፋቱ ይታሰብ። የስፒከሩና የማቆሚያው የጋራ የክብደት መሐል 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ብንል፣ 25 ስፋት ያለው መሠረት ከ10 ዲግሪ በታች ሲያዘነብል ይወድቃል፤ 35 ቢሆን ግን ወደ 13 ዲግሪ ይደርሳል። ለአዲሱ መሠረት 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ሁለቱን ደርበው ቢያጣብቁ አይጣመምም፤ ጠርዙ ከሥር በኩል ወደ ውስጥ ተዳፍቶ ቢላግ ወፍራሙ ጣውላ ለዓይን ስስ ሆኖ ይታያል፣ ከሚፈልጉት መልክ ጋርም ይሄዳል።

ሦስት እግር፦
እኔ ሦስት እግር እመክራለሁ፤ ወለሉ ያልተስተካከለ ቢሆንም ፈጽሞ አይወዛወዝም።

የመሮ ልጅ፦
አይወዛወዝም፣ ነገር ግን ቶሎ ይወድቃል። እግሮቹ ከመሐሉ እኩል ቢርቁ፣ በባለ አራቱ ከመሐሉ እስከ መውደቂያው ጠርዝ ያለው ርቀት የእግሩ ርቀት 70 በመቶ ያህል ሲሆን በባለ ሦስቱ 50 በመቶ ብቻ ነው። ሦስት እግር የሚመርጥ ሰው እግሮቹን የግድ ማራቅ አለበት።

ጥድ፦
ጠያቂያችን፣ ብሎኑ ተሳካልዎ? ኢፖክሲውንስ ጨመሩበት?

የመሮ ልጅ፦
ኮላ ከጨመሩ ብሎኑን ኮላው ሳይደርቅ ያጥብቁት፤ ማጥበቂያ አያስፈልግዎትም። ስፒከሩን ከመመለስዎ በፊት የስፒከሩን እጥፍ የሚመዝን ነገር ላዩ ላይ አስረው ከአራቱም ጎን ይግፉት፤ ሁለተኛውንም ማቆሚያ እንዲሁ።