የራሴ ሜይል ሰርቨር፦ መቀበሉ ይሠራል፣ የምልከው ግን ስፓም ውስጥ ይገባል

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ተከራይቼ በራሴ ዶሜይን ሜይል ሰርቨር አቁሜያለሁ። ለመላክና ለመቀበል ፖስትፊክስን፣ የደረሰኝን ለማስቀመጥና ለማንበብ ዶቭኮትን ነው የጫንኩት። የሚላክልኝ በደንብ ይደርሰኛል። ወደ ጂሜይል የምልከው ግን አንዳንዱ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይመለሳል። ኤስፒኤፍ የተባለውን የመላክ ፈቃድ ሪከርድ የዶሜይኔ ዲኤንኤስ (የአድራሻ መዝገብ) ላይ አስገብቻለሁ። ሌላ ምን ቀረ? ኢሜይሌ በራሴ እጅ እንዲሆን በጣም ስለምፈልግ መተው አልፈልግም።

ተርሚናል፦
መጀመሪያ ፒቲአር ሪከርድህን፣ ማለትም ከአይፒ (የሰርቨርህ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ወደ ሰርቨርህ ስም የሚመራውን፣ እይ። ብዙ ሰው ዶሜይኑን የገዛበት ቦታ ይፈልገዋል፣ እዚያ አታገኘውም። የሚስተካከለው አይፒውን በሰጠህ፣ ማለትም ቪፒኤሱን ባከራየህ ድርጅት በኩል ነው። አይፒው ወደ ሰርቨርህ ስም፣ ስሙም ተመልሶ ወደዚያው አይፒ መምራት አለበት፤ ፖስትፊክስ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ስምም ያው ይሁን። ከተለመደው አይፒቪ4 ሌላ አዲሱ የአይፒ ዓይነት አይፒቪ6 ካለህ ለእሱም ለብቻው ያስፈልጋል። ሰርቨሩ አንዳንዴ በአይፒቪ4 አንዳንዴ በአይፒቪ6 እየላከ ከሆነ፣ ግማሹ ደርሶ ግማሹ የሚመለሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሎጉን አንብብ፣ ጂሜይል ለምን እንደመለሰው እዚያው ይጽፍልሃል።

ሰናይ፦
ኤስፒኤፍ ብቻውን አይበቃም። የሚናገረው ከየትኛው አይፒ መላክ እንደተፈቀደ ብቻ ስለሆነ፣ መልእክቱ በሌላ ሰርቨር ፎርዋርድ ሲደረግ ይወድቃል። ዲኪም ግን መልእክቱ ላይ የሚያርፍ ፊርማ ነው፣ ይዘቱ እስካልተነካ አብሮት ይሄዳል። አርስፓምዲ የሚባለውን ፕሮግራም ብትጭን ፊርማውንም ስፓም ማጣራቱንም ይሠራልሃል። ከዚያ ዲማርክ (ፍተሻውን ያላለፈ መልእክት ምን እንደሚደረግ ለተቀባዩ የሚናገር ሪከርድ) ጨምር፣ ግን ሪፖርት ብቻ ከሚቀበለው ደረጃ ጀምር እንጂ በቀጥታ ‹‹ውድቅ ይደረግ›› ወደሚለው አትዝለል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ የሚልኩትን ሦስቱንም ያስገድዳል። አንተ ያን ያህል ባትልክም አሟላቸው።

ማለፊያ፦
ሁሉም ተሟልቶ እንኳ አይፒው ከአንተ በፊት በያዘው ሰው ጥፋት ጥቁር መዝገብ ላይ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚይዘው ስፓምሃውስ ላይ ፈትሸው። እኔ ብሆን መቀበሉን በራሴ ሰርቨር አድርጌ፣ ለመላክ ሪሌይ (ኢሜይልህን ተቀብሎ ወደ ተቀባዩ የሚያደርስልህ የሌላ ድርጅት ሰርቨር) እጠቀም ነበር። ብዙ ቪፒኤስ አከራዮች ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25 ስለሚዘጉ፣ የሪሌይ አገልግሎቶች ደግሞ በ587 ስለሚቀበሉ ከዚያ ጣጣም ትድናለህ። ኢሜይልህ የሚቀመጠው አሁንም አንተው ጋ ነው።

ጀማሪው፦
ተርሚናል፣ እጅህን ይባርክ! የሚመለሱት ሁሉ በአይፒቪ6 የወጡት ናቸው። ለጊዜው ፖስትፊክስ በአይፒቪ4 ብቻ እንዲሠራ አደረግኩት፣ መመለሱ ቆሟል። ሪሌዩን የዲኪሙን ውጤት ካየሁ በኋላ አስብበታለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሰርቨሩ ለአንድ ቀን ቢወድቅ የሚላክልኝ ይጠፋል?

ተርሚናል፦
አይጠፋም። የላኪው ሰርቨር ወረፋ ላይ ይዞት ደጋግሞ ይሞክራል። ፖስትፊክስ ለምሳሌ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ እስከ 5 ቀን ይዞ ይሞክራል። የደረሰህን ግን ሌላ ማሽን ላይ ባካፕ አድርግ። የኢንክሪፕሽን ሰርተፊኬትህ በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ከሆነም፣ በታደሰ ቁጥር ፖስትፊክስና ዶቭኮት ራሳቸው ሪሎድ እንዲያደርጉ አስተካክለው።