የዝናብ ጃኬቴ ውኃ አስገባብኝ፤ ሐሙስ ንጋት ለአደን እወጣለሁ፤ ቀላል ምን ልግዛ?

ሰንበሌጥ · ማክሰኞ ማታ 2፡15
ሰላም ለሁላችሁ። ጊዜ ስለሌለኝ በቀጥታ ልግባ። ዛሬ ለልምምድ ሙሉ ዕቃዬን ተሸክሜ ሁለት ሰዓት በዝናብ ሄድኩ። ስመለስ ትከሻዬና ጀርባዬ ጠብ እስኪል ርሷል። ሐሙስ ንጋት ለ5 ቀን ተራራ እንወጣለን። መኪና አይደርስም፣ ሁሉም ነገር በጀርባ ነው። ሱቅ የምደርሰው ነገ ብቻ ነው። ከ300 ግራም የማይበልጥ ጃኬት እፈልጋለሁ። ባለ 2.5 ንብርብር (ከውስጥ ቅብ ብቻ ያለው) ይሻላል ወይስ ባለ 3 (ከውስጥም ጨርቅ ያለው)? 20,000 የተጻፈበት 10,000 ከተጻፈበት ይበልጣል አይደል? ሱሪስ ያስፈልጋል ወይስ ትርፍ ሸክም ነው? እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

ድንኳን ሰባሪ · 2፡21
ከ300 ግራም በታች፣ ውኃ የማያስገባ፣ ላብ የሚያስወጣ፣ የማይቀደድ፣ የማይንኮሻኮሽ። ወንድሜ፣ ስታገኝ ለእኔም አንድ ያዝልኝ። ካላገኘህ ዳክዬ አድነህ ላባዋን ልበስ።

ቶሎ ፈጥኖ · 2፡24
አትግዛ። እጠበው። ለዝናብ ልብስ በተሠራው ሳሙና አጥበህ፣ በደንብ አለቅልቀህ፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በመለስተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ። ማሽን ከሌለህ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገህበት ለብ ባለ ካውያ። ማለስለሻ ግን እንዳታስነካው። የእኔ ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል።

አባ መዝገብ · 2፡40
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የአርክቲክ ሕዝቦች ከባሕር እንስሳት አንጀት የተሰፋ ካፖርት ይለብሱ ነበር፤ ቀላልም ነው፣ ውኃም አያስገባም። በ1823 ቻርልስ ማኪንቶሽ ላስቲክን በሁለት ጨርቅ መካከል አጣብቆ የፈጠራ መብት አወጣ። ዝናብ አያስገባም፤ ላብም አያስወጣም። በ1969 ቦብ ጎር ቴፍሎንን በዝግታ ሲስበው እየተበጠሰ አስቸግሮት በድንገት መንጭቆ ቢስበው ተለጠጠና ወንፊት የመሰለ ስስ ሽፋን ሆነ፤ ጎር-ቴክስ የተባለው የዝናብ ልብስ ጨርቅ የዚያ ልጅ ነው። ቀዳዳዎቹ ለእንፋሎት ይበቃሉ፣ ለውኃ ጠብታ ይጠባሉ።

አሁን 20,000 ወዳልከው ልምጣ። ሚሊ ሜትር ነው። ጨርቁ ላይ የውኃ ዓምድ አቁመው ከፍ እያደረጉ ሲሄዱ ማስገባት የሚጀምርበት ከፍታ ነው። 10,000 ማለት የ10 ሜትር ውኃ ግፊት ቻለ ማለት ነው። ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ ያን ያህል አይገፋም። የሚገፋው የቦርሳ ማንገቻ ነው፣ የጠመንጃ ማንገቻ ነው፣ እርጥብ መሬት ላይ የተንበረከከ ጉልበት ነው። ደግሞም ቁጥሩ የሚለካው አዲስ ጨርቅ ላይ ነው። ዓመታት የተለበሰ ልብስ ላይ ያንን ቁጥር ማንበብ የአያትን የሠርግ ፎቶ አይቶ ዕድሜ መገመት ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁለት ቀን ሲቀር የሚሞከር ዕቃ አለ እንዴ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ድንኳን ሰባሪ · 2፡44
አባ፣ ልጁ ሐሙስ ነው የሚወጣው። እርስዎ ከ1823 ተነሥተው 1969 እስኪደርሱ ረቡዕ አልቋል።

መርፌና ክር · 2፡47
ሰንበሌጥ፣ ግዛም አትግዛም ከማለቴ በፊት ሦስት ነገር ንገረኝ። ጃኬቱ ስንት ዓመቱ ነው? ከውስጥ በኩል፣ በተለይ አንገትና ኮፍያው ጋ፣ ነጭ ነገር ይረግፋል ወይ? በእጅህ ስትነካው ይጣበቃል? መልሱ ይህ ውስጥ ነው፤ የቀረው ወሬ ነው።

ባዶ እግር · 2፡55
እኔ ጥያቄውን አልቀበልም። ዝናብ ገባብኝ ትላለህ፤ በምን አወቅህ? ሙሉ ሸክም ይዘህ ሁለት ሰዓት ስትሄድ ያላበህ ላብ የት ሄደ? ጀርባህ የራሰው ቦርሳው ባረፈበት ነው። ቦርሳ ባረፈበት ደግሞ የፈለገው ዓይነት ጨርቅ ቢሆን አይተነፍስም። የላዩ ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድም እንፋሎት መውጫ ያጣል፤ ውስጥህ የሚጤሰው ተመልሶ ይንጠባጠብብሃል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኸ ነው። ዳገት ላይ ከሥር አንድ ስስ የሱፍ ካናቴራ ብቻ ልበስ፣ ዚፕህን ክፈት፣ ቀስ በል። ከዚህ በኋላ አንድ ፖንቾ፣ ያ በአናት የሚጠለቀው ሰፊ የዝናብ ልብስ፣ ይበቃሃል። ቦርሳህንም ይሸፍናል፣ ማታ መጠለያም ይሆናል፣ አየር ከሥር እንደ ልቡ ይገባል።

ጋራ ለጋራ · 3፡02
ስለ ላቡ ባዶ እግር ልክ ነው። ስለ ፖንቾው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ዛፍ በሌለበት ጫፍ ላይ ነፋስ ሲመጣ ፖንቾ ጭንቅላትህ ላይ ይጠቀለላል። ሲውለበለብ ደግሞ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ እንስሳ «መጣሁልህ» የተባለ ያህል ያየዋል። ለእግረኛ ጥሩ ነው፣ ለሚያደባ ሰው አይሆንም።

ሰንበሌጥ · 3፡10
እሺ፣ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ ለካ። ጃኬቱ 9 ዓመቱ ነው። ባለ 2.5 ነው መሰለኝ፣ ከውስጥ የተለየ ጨርቅ የለውም። አዎ፣ ኮፍያው ውስጥ እንደ ፎረፎር ይረግፋል፤ ትከሻው ላይም ጀምሯል። ሽታም አለው። ጓደኛዬ የፍየል ሽንት ይላል፤ እኔ የአደን ሽታ ነው ብዬ ነበር። የምንሄድበት ቦታ ቀን 8 ዲግሪ ገደማ፣ ሌሊት 2። የመጀመሪያው ቀን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው፣ ከዚያ በኋላ ገላጣ። ደረቴ ላይ የርቀት መነጽር መያዣ አለኝ። ባዶ እግር፣ ላብ ብቻ ቢሆን ማንገቻዎቹ ያረፉበት መስመር ብቻ ተለይቶ ለምን ራሰ?

ቶሎ ፈጥኖ · 3፡12
በልዩ ሳሙና አጥበኸው ታውቃለህ? መጀመሪያ ያንን ሞክር። ማድረቂያ 20 ደቂቃ።

መርፌና ክር · 3፡18
አይ ቶሎ ፈጥኖ፣ ይኼኛው አይነሣም። ሁለት የተለያየ በሽታ አለ። አንደኛው የላዩ ውኃ ማንሸራተቻ ሲደክም ነው፤ ጠብታው ተንከባሎ መውረዱን ትቶ ጨርቁ ይጠጣዋል። ይህ በእጥበትና በሙቀት ይመለሳል፣ ካልተመለሰም የሚረጭ ይገዛለታል። ሁለተኛው ውስጡ የተቀባው ፖሊዩሪቴን በእርጥበት፣ በላብና በዕድሜ ሲበሰብስ ነው። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ያንን ሽታ ያመጣል። የሰንበሌጥ ሁለተኛው ነው። መከላከያው ራሱ ነው እየረገፈ ያለው፤ ማጠብ መርገፉን ያፋጥነዋል እንጂ ምንም አይመልስም። ማንገቻው በተጫነበት መስመር መግባቱም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስንት ሰው ይህንን ይዞ መጥቶ «ስፌቱን ለጥፊልኝ» ይለኛል! ስፌቱ ደኅና ነው፣ ግድግዳው ነው የፈረሰው።

አዲሱን ስትገዛ ገልብጠህ የስፌት ቴፑን (ውኃ እንዳይገባ ከውስጥ ስፌቱ ላይ የሚለጠፈውን) በጥፍርህ ጫፍ ሞክር፤ ኮፍያውና ብብቱ ጋ ቴፖቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው መጀመሪያ የሚለቀው። ቀጥሎ የምትገዛውን ደግሞ ርጥብ ሆኖ ጠቅልለህ ከረጢቱ ውስጥ አትተወው። የሚገድለው ዝናብ ሳይሆን አቀማመጥ ነው።

ባዶ እግር · 3፡22
ትከሻውን ለመርፌና ክር ለቀቅኩ። ጀርባውን አልለቅም።

ጋራ ለጋራ · 3፡41
ሰንበሌጥ፣ 300 ግራሙን ተወው። ባለ 2.5 ንብርብር ከ200 እስከ 300 ግራም ይገኛል፤ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ «ምናልባት ቢዘንብ» ለሚባል ልብስ ጥሩ ነው። አንተ ግን ቁጥቋጦ ልትጥስ ነው፤ ከቀናህ ደግሞ ሥጋ ተሸክመህ ልትመለስ ነው። ማንገቻው ቀኑን ሙሉ ትከሻህን ሲያሽ፣ 10 ዴኒየር የሆነ ጨርቅ (ዴኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጨርቁ ይሳሳል) ምኑም አይተርፍ። ባለ 3 ንብርብር፣ ላዩ 30 ወይም 40 ዴኒየር፣ ክብደቱ 400 ግራም ገደማ። የጨመርከው 100 ግራም አንድ ጥንድ ካልሲ ነው። እንደ ወረቀት የሚቀሉትን ያልተሸመኑ ጃኬቶች የሚመክርህ ካለ፣ ውኃ አያስገቡም ልክ ነው፤ የመጀመሪያው እሾህ እስኪመጣ።

የብብት ዚፕ የሌለውን አትግዛ። ላብ የማስወጣት ቁጥሩ ስንትም ቢጻፍ፣ ውጭው ዝናብና ጭጋግ ሲሆን እንፋሎቱ የሚሄድበት ደረቅ አየር የለም። ያኔ የሚያድንህ ዚፕ ነው።

ሱቅ ስትሄድ የመነጽር መያዣህን ደረትህ ላይ አስረህ፣ የብርድ ልብስህንም ደርበህ ሂድ። ጃኬቱ በዚያ ሁሉ ላይ ካልተዘጋ ቁጥሩን አንድ ከፍ አድርግ። ኮፍያውን አጥልቀህ ወደ ጎን ዙር፤ ኮፍያው አብሮህ ካልዞረ ግማሽ ዓይንህን አጥተሃል። ከሥሩ ኬፕ ካደረግህ ጥላው ዝናቡን ከዓይንህ ያርቃል።

ሱሪ ያዝ። ቁጥቋጦ ዝናብ ባይኖርም በጠዋት ጤዛ እስከ ጭን ያርስሃል። ጫማ ሳታወልቅ የምታጠልቀው፣ ጎኑ እስከ ላይ በዚፕ የሚከፈት ይሁን። ሱሪ ላይ ክብደት አትቆጥብ፣ የምትቀመጠውና የምትንበረከከው በእሱ ነው። ወይም መቀመጫ የምታህል የስፖንጅ ምንጣፍ ቆርጠህ ያዝ፤ ሰዓታት ቁጭ ብለህ በመነጽር ስትቃኝ ከየትኛውም ጨርቅ ትበልጣለች። ገንባሌ ካለህ ሱሪውን ከገንባሌው ላይ አውርደው፤ ውስጥ ከከተትከው ውኃው ቀጥ ብሎ ጫማህ ውስጥ ነው።

አባ መዝገብ · 3፡50
ስለ ድምፁ ማንም አላነሣም።

ጋራ ለጋራ · 3፡56
እውነት ነው አባ። ስስና ደረቅ ያለው ሁሉ እንደ ቺፕስ ከረጢት ይንኮሻኮሻል። ለአዳኝ ተብለው የሚሠሩት ላያቸው እንደ ሹራብ የለሰለሰ ነው፣ ዝም ይላሉ፤ ግን ያ ለስላሳ ነገር ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። እኔ የሚንኮሻኮሸውን ነው የምይዘው። ዝናብና ነፋስ ሲኖር ድምፁ ይዋጣል። ሲያቆም አወልቀዋለሁ። የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ስጠጋ ከላዩ ስስ የሱፍ ሹራብ እደርባለሁ፤ ሹራቡ ቢርስም ከሥር ደረቅ ነኝ።

ባዶ እግር · 4፡01
ከዝናብ ልብስ ላይ ሹራብ! ቤትህ ውስጥም ካልሲ ከጫማ ላይ ነው?

መርፌና ክር · 4፡05
ሳቁ፣ ግን ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሌላም ነገር፤ የአካባቢው ሕግ ብርቱካናማ ቀለም የሚያስገድድ ከሆነ ጥቁር ጃኬት ሰደርያህን እንዳይሸፍንብህ፣ ሰደርያው ከላይ ይሁን። ሌላው አዳኝም ውስጥህን አያይም።

ቅዝቃዜውንም አትናቀው። 8 ዲግሪ ከዝናብና ከነፋስ ጋር ከደረቅ በረዶ የከፋ ነው፤ ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ይወስዳል። አንዳችሁ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው፣ ከተደናቀፈ፣ አነጋገሩ ከተጎተተ፣ አደኑ እዚያው ያብቃ። የመኝታ ከረጢትህና አንድ የሱፍ ልብስ በጠንካራ ላስቲክ ታስሮ ደረቅ ሆኖ ይደር።

ሰንበሌጥ · ረቡዕ ማታ 1፡30
ሱቅ ደርሼ መጣሁ። ሁለት አለ። አንዱ 280 ግራም፣ ባለ 2.5፣ የብብት ዚፕ የለውም፣ ልኬ ነው። ሌላው 430 ግራም፣ ባለ 3፣ ዚፕ አለው፣ ግን የቀረው አንድ ቁጥር የሚበልጠኝ ነው፤ እጅጌው ጣቴን ይሸፍናል። ሁለቱንም ይዤ መጥቻለሁ፣ ያልተጠቀምኩበትን ስመለስ ይቀበሉኛል። ሱሪ ባለ ሙሉ ዚፕ አግኝቻለሁ። የቱን ልያዝ?

ጋራ ለጋራ · 1፡34
ትልቁን። ከሥሩ ትደርብበታለህ፣ እጅጌውን በማጥበቂያው ሰብስበው።

ባዶ እግር · 1፡35
ቀላሉን። ዚፕ ከፊት አለህ፣ ክፈተው። ቁጥቋጦው ውስጥ አውልቀው፣ ርሰህ እለፍ፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ልበሰው።

መርፌና ክር · 1፡41
ከመከራከር ሞክሩት። ግራጫ የጥጥ ካናቴራ ልበስ፣ እርጥበት ወዲያው ጠቁሮ ይታይበታል። ጃኬቱን ከላይ፣ ባዶውን ቦርሳ ደግሞ ከጃኬቱ በላይ አጥብቀህ አንግት። ሻወር ሥር 10 ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ ቁም። ሳትንቀሳቀስ ያልኩህ ላብ እንዳይቀላቀልብን ነው፣ ባዶ እግርም እንዳይከራከረን። ስታወልቅ የጠቆረው ቦታ የሚያስገባበት ነው። አንገቱን ግን በደንብ ዝጋ፣ አለዚያ ከላይ የገባውን በጨርቁ ታሳብባለህ።

ድንኳን ሰባሪ · 1፡44
በቦርሳ ሻወር የገባ ሰው ፎቶ እንጠብቃለን።

ሰንበሌጥ · 1፡46
እሺ ገባሁ። እነግራችኋለሁ።

ድንኳን ሰባሪ · በሳምንቱ ሐሙስ ማታ 2፡05
ሰንበሌጥ፣ ከሻወር ወጣህ?

ጋራ ለጋራ · 2፡30
እኔም የቱን እንደያዘ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

አዲስ ገቢ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት 4፡12
ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ከላይ ያለውን ሁሉንም አላነበብኩትም፣ ይቅርታ። የእኔም ጃኬት ኮፍያው ውስጥ እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ነገር አለው። ምን ይሻለኛል?

ቶሎ ፈጥኖ · 4፡13
እጠበው።