«ፋስቲንግ ነዎት?» ሲባሉ እናቶቻችን «አዎ» ይላሉ

እናትሽን ለደም ምርመራ ልትወስጂ ለሆንሽው እህታችን፦ እባክሽ ይህን ሳታነቢ አትሂጂ።

ካቻምና በሁዳዴ እናቴን ለስኳር ምርመራ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ «አር ዩ ፋስቲንግ?» አለቻት። እናቴ ቃሏን ታውቃታለች፤ ጾም ማለት ነው። ደስ ብሏት «የስ፣ የስ» አለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ፤ እውነቷን ነዋ። ጠዋት ግን መድኃኒት ስለምትወስድ፣ የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት፣ ቂንጬ በዘይትና ሻይ በስኳር ቀምሳ ነበር። ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት ሊጨምርባት ሲል ነው «ጠዋት ምን በሉ?» ብሎ የጠየቀው። ምርመራው ተደገመ። ቤት ስንገባ «ዋሸሁ እንዴ?» አለችኝ። እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

ለእኛ ጾም ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ መተው ነው። ለላብራቶሪ ግን ምንም ምግብ አለመቅመስ ነው፤ እንደ ምርመራው ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ውሃ ይፈቀዳል። በረመዳን ደግሞ ውሃም አይቀመስም፤ ግን ሱሁር፣ ማለትም ከንጋት በፊት የሚበላውን ምግብ፣ በልቶ ጠዋት 3 ሰዓት ደም የሚሰጥ ሰው ለላብራቶሪው ጾመኛ አይደለም።

ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። ትምህርት ቤት ፋስት ማለት ፈጣን ነው ተብለን አደግን። የጥንት ትርጉሙ ግን ጥብቅ ነው፤ ጾሙም ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ቁርስን ብሬክፋስት የሚሉት ጾም መፍቻ ስለሆነ ነው። «ፋስት አስሊፕ» ቢሉሽ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ነው እንጂ ቶሎ መተኛት አይደለም። ከለርፋስት የተባለ ልብስ ቀለሙ አይለቅም። ሰዓትሽ ፋስት ነው ካሉሽ ይቀድማል ማለት ነው። አውሮፕላን ላይ ቀበቶ እሰሩ ሲሉም «ፋሰን» ይላሉ፤ ሲጻፍ ያለው «ት» አይሰማም።

ስለዚህ እናትሽ «የስ» ብቻ አትበል። መጨረሻ የበላችበትን ሰዓትና የበላችውን ትናገር። የስኳር መድኃኒት ካላት፣ ያን ጠዋት ትውሰድ አትውሰድ ቀድመሽ ሐኪሟን ጠይቂ፤ በባዶ ሆድ ስኳር ሊወርድ ይችላል። አስተርጓሚም ጠይቂ። አሜሪካ ውስጥ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ሰዓቱን ስትነግሪያቸው ደግሞ አደራ፣ በእነሱ አቆጣጠር ይሁን። እናትሽ «ማታ 2 ሰዓት በላሁ» ካለችሽ፣ ለነርሷ 8 ፒኤም በያት።