መስመሩ ለምን የጎጆ ክዳን ሆነብኝ?

የማታ ተማሪ ነኝ፤ 9ኛ ክፍል የገባሁት ከትምህርት ገበታ ለ14 ዓመት ርቄ ነው። ዋይ = -2ኤክስ + 3 የሚለውን ፈንክሽን በሠንጠረዥ አስልቼ ግራፉን እንድሥል ታዘዝሁ። ለኤክስ -2፣ -1፣ 0፣ 1 እና 2ን መረጥሁ። ለዋይ በቅደም ተከተል -1፣ 1፣ 3፣ 1 እና -1 አገኘሁ። ነጥቦቹን በካሬ ወረቀት ላይ ሳገናኛቸው ግን ቀጥታ መስመር ሳይሆን የጎጆ ክዳን ወጣ፤ ጉልላቱ ልክ 3 ላይ!

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ በላጲስ ከማጥፋቴ የተነሣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ከ0 ወደ ቀኝ ያሉት ነጥቦች ከማስመሪያው ጋር ይገጥማሉ፤ ኤክስ በ1 ሲጨምር ዋይ በ2 ይቀንሳል። የከዱኝ በግራ በኩል ያሉት ናቸው። ኤክስ -1 ሲሆን፣ -2ን በ-1 አባዝቼ -2 አልሁ፤ 3 ስደምርበት 1 መጣ። ስሕተቱ እዚህ ይሆን? የምልክት ነገር ድሮም ጠላቴ ነበር።

አብሮኝ የሚማር ሰው ደግሞ «ለቀጥታ መስመር ሁለት ነጥብ ይበቃል፤ የቀረው ድካም ነው» ይለኛል። ታዲያ -2ን እና -1ን ብቻ መርጬ ቢሆን ኖሮ፣ ያማረ ግን የተሳሳተ መስመር ይዤ አልቀርም ነበር?

እባካችሁ፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን አስረዱኝ። ነገ ማታ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ የምሠራው እኔ ነኝ።