አሻራዋን ሰጥታኛለች፣ ግን «ይሄን አትጻፊው» አለችኝ

ተመራቂዋ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። እናቶች ከወለዱ በኋላ ለምን ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ እንደማይመለሱ ነው የማጠናው። ፕሮፖዛሌ አልፏል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ፈቅዶልኛል። አሥራ ሁለት እናቶች አናግሬያለሁ። ሰባተኛዋ ላይ ግን ተጣብቄ ቀርቻለሁ፣ ይኸው ሁለት ሳምንቴ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ነው። ሲዳምኛ እሰማለሁ እንጂ እንደ ልቤ አልናገርም፣ ስለዚህ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይዛኝ ሄደች፣ ያስተረጎመችልኝም እሷው ናት። ልጅቷ ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ሁለት ገጽ የፈቃድ ቅጽ አነበብንላት። «እናንተ እንዳላችሁ» አለች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሻራዋን አደረገች። ቀለሙ አልለቅ ብሏት ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ፣ ስትጠርግ ቆየች።

መሃል ላይ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ተደውሎላት ወጣች። ያኔ ልጅቷ በተሰባበረ አማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በወለድኩ በሰባተኛው ቀን መታኝ። ፊቴ አብጦ እንዴት ብዬ ጤና ጣቢያ ልሂድ?» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ «ይሄን አትጻፊው» አለች። እኔም «እሺ» አልኳት።

ማታ ቤት ገብቼ በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅ በጽሑፍ ስገለብጥ ያላስተዋልኩትን ነገር ሰማሁ። አማቷ ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። የመፋቂያው ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሰማል፣ ሳያቋርጥ። 23ኛው ደቂቃ ላይ «መታኝ» ስትል ድምፁ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምትለው ሁሉ «ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው» ብቻ ነው። እዚያው ፊቷ ተቀምጬ አልሰማሁትም፣ የሰማሁት በጆሮ ማዳመጫ ነው።

አማካሪዬን ጠየቅኳቸው። «ዋናው ግኝትሽ ይሄ ነው፣ ስሟን እስካልጠራሽና አሻራዋ እስካለ ድረስ ችግር የለውም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ብዙ አግዘውኛል። እኔም ራሴ እከራከራለሁ። ይሄ ከወጣ ጥናቴ «መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው» ብሎ ሊደመድም ነው፣ ያ ደግሞ እውነቱ ሁሉ አይደለም። በሌላ በኩል ክፍል ውስጥ ስለ ታስኪጊ ተምረናል፣ እ.ኤ.አ ከ1932 እስከ 1972 አሜሪካ ውስጥ 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶች ምን እንደሚደረግባቸው ሳይነገራቸው ሲጠኑ፣ የቂጥኝ ሕሙማኑ ፔኒሲሊን እያለ እንኳን ሳይታከሙ። ያኔ «እንዴት ሰው እንዲህ ይጨክናል» ብዬ ነበር። አሁን እጄ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ የአንዲት ሴት ምስጢር አለ፣ እኔም «አሻራ አላት» ሲሉኝ ዝም ብያለሁ። ምን ላድርግ?

ጤና መኮንኑ

እህቴ፣ አትጻፊው ካለች አለቀ። አሻራው ያን ቀን ጠዋት ለጠየቅሻት ነገር ነው። ፈቃድ አንዴ ተሰጥቶ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ደረሰኝ አይደለም፣ ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ፣ ካለቀም በኋላ ልትወስደው ትችላለች። የራስሽ ቅጽ ላይ «በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ» የሚል አለ አይደል? አንብበሽላታል። ይኸው በቃሏ ተጠቀመችበት፣ አንቺም «እሺ» ብለሻታል።

ደግሞ ነገሩ እንዳይጠፋ ብለሽ የምትጨነቂ ከሆነ፣ እሷ እንድታስረዳልሽ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2005 ያወጣውን የብዙ አገሮች ጥናት ፈልጊ። ከአገራችን ቡታጅራ ገብታበታለች። አግብተው ወይም ከወንድ ጋር ኖረው ከሚያውቁ ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው አንዴም ቢሆን ከባላቸው ወይም ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም አንቺን የሚጠቅምሽ ሴቶቹ እንዴት እንደተጠየቁ ነው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ነው የሚያናግሩት። ለአካባቢው ሰው «ስለ ሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ» ነው የሚባለው እንጂ ስለ ዱላ አይወራም። ጠያቂዎቹ ለብቻቸው ሠልጥነዋል፣ ሰው ከገባ ወዲያው ወሬውን ቀይረው ስለ ሌላ ነገር መጠየቅ ያውቃሉ። አንቺ ይሄን ሳትዘጋጂ ነው ነገሩ የመጣብሽ። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ማንም አላሠለጠነሽም።

ሰብለ ከአቶቴ

ከላይ ባለው ወንድሜ ግማሹን እስማማለሁ። «አለቀ» የሚለው ግን ቸኮለብኝ። ሁላችንም «አትጻፊው» የተባልነውን እየሰረዝን ስንሄድ ሪፖርቱ ላይ የሚቀረው መንገድና ትራንስፖርት ብቻ ነው፣ ጤና ቢሮም መንገድ ያስባል። ሴቶቹ ግን እዚያው ናቸው።

«አትጻፊው» ያለችው ለምን እንደሆነ አልጠየቅሻትም። አማቷን ፈርታ ሊሆን ይችላል። ያቺ ኤክስቴንሽን ትሰማለች ብላም ሊሆን ይችላል። ወይም በቃ ማንም እንዲያውቅባት አትፈልግም። ይሄን ማወቅ የምትችይው እሷን ጠይቀሽ ነው። ግን እቤቷ እንዳትሄጂ፣ በፍጹም! አንዴ ተሰምቷል፣ ሁለተኛ የከተማ ልጅ ደብተር ይዛ ከመጣች ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚወራ አስቢው። ልጁ በሦስት ሳምንቱ ከነበረ አሁን አምስት ሳምንቱ ነው። የ45 ቀን ክትባት ደርሷል። ጤና ኬላ ሕፃኑን ይዛ ትመጣለች፣ ለዚያ ማንም አይከለክላትም። እዚያ ወረፋ ስትጠብቅ አምስት ደቂቃ ይበቃሻል።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ አጥኚ አይደለሁም፣ በጥናት የታየሁ ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ (የት እንደሆነ ይቅር) በነጋታው አራት ተማሪዎች አልጋዬን ከበቡ። አንዷ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ፈርሚ አለችኝ፣ ፈረምኩ። ማንበብ እችላለሁ፣ ዲፕሎማ አለኝ፣ ግን አላነበብኩትም። እምቢ ብል ነርሷ ትቀየመኛለች፣ ማታ ማስታገሻ ስጠይቅ ታዘገይብኛለች ብዬ ነው የፈረምኩት። ማንም አላስፈራራኝም። ሰው አልጋ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው የሚያስበው። አጠገብሽ ያለችው ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሆና ያቺ ልጅ እንዴት እምቢ ትበል? ልጇን የምትከትብላት እሷ ናት። ስለ እሷ አገልግሎት ጠይቀሽ በእሷው አፍ ማስተርጎምሽስ?

ስም አልጠራም የሚሉት ነገር ደግሞ ያናድደኛል። «ተሳታፊ 7፣ ዕድሜ 21፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ከአማቷ ጋር የምትኖር» ብለሽ ከጻፍሽ ያ ቀበሌ ውስጥ በዚያ ወር የወለደውን የማያውቅ ማን አለ? ቡና ላይ አንድ ሰው ቢያነሳው ቀኑ ሳይመሽ ባሏ ጆሮ ይደርሳል።

ጤና መኮንኑ

እናት ያሉት ልክ ነው፣ እኔም አሁን ነው ልብ ያልኩት። አስተርጓሚውን ቀይሪ። ሲዳምኛ አፍ የፈታች፣ የዚያ ቀበሌ ሰው ያልሆነች የክፍል ጓደኛ አታጪም። ሰብለ፣ የክትባቱ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ግን ጤና ኬላውም የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ነው፣ እዚያ ወንበር ላይ ባይሆን ይሻላል።

ደርቤ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮሚቴ ውስጥ በጸሐፊነት ሠርቼ አውቃለሁና። ኮሚቴው የፈቀደልሽ ስለ ወሊድ ክትትል እንድትጠይቂ ነው። ተመልሰሽ ስለ ድብደባ ልታነጋግሪያት ከሆነ ያ አዲስ ነገር ነው፣ ማሻሻያ አስገብተሽ ማስፈቀድ አለብሽ። ብዙ ተማሪ ይሄን ቅጣት ይመስለዋል፣ አይደለም። ስሟንም ቀበሌዋንም ሳታነሺ «እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ» ብለሽ አንድ ገጽ ጻፊ፣ ለአማካሪሽም ግልባጭ አድርጊ። አማካሪሽ በቃል የነገሩሽን ኮሚቴው በጽሑፍ ሲመልስ እሳቸውም ይቀበሉታል፣ ሰውየው ክፉ አይደሉም ብለሽ የለ። እስከዚያ ድረስ ቅጂውን ለማንም እንዳታጋሪ። ቴሌግራም ላይ ልከሽው ከሆነ አሁኑኑ አጥፊው።

ደግሞ ከመሄድሽ በፊት እርዳታ ብትፈልግ የት ልትሄድ እንደምትችል አጣርተሽ ያዢ። በቃል ንገሪያት። ወረቀት እንዳትሰጫት፣ ወረቀት ቤት ውስጥ ይገኛል።

ተመራቂዋ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእናትን መልስ ሦስቴ አነበብኩት። አሥራ ሁለቱንም ቃለ መጠይቅ በዚያችው ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው ያስተረጎምኩት፣ «አገልግሎቱ ጥሩ ነው» የማይል አንድም ሰው የለም። ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ይሄንን በጥናቱ ውስንነት ላይ በግልጽ እጽፋለሁ፣ አማካሪዬ ከፈቀዱልኝም የተወሰኑትን በሌላ አስተርጓሚ እደግማለሁ።

ቅጂው ቴሌግራም ላይ ነበር፣ ጽሑፉን ስተረጉም ለምታግዘኝ ጓደኛዬ ልኬላት። ሁለታችንም ስልክ ላይ ሆነን አጠፋነው። ከጽሑፉም 23ኛው ደቂቃ ላይ ያለውን አውጥቻለሁ። ለኮሚቴው የሚገባው አንድ ገጽ ተጽፏል፣ ነገ አስገባለሁ። ለአማካሪዬም ሰጥቻቸዋለሁ። አንብበው ሲጨርሱ «እስቲ ያቺ ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ክትባቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የኮሚቴው መልስ እስከዚያ ካልደረሰ ስለ ዱላው አንድም ጥያቄ አልጠይቃትም። ደብተርም ስልክም ሳልይዝ መንገድ ላይ አገኛትና «ያልሽኝን አልጻፍኩትም» ብቻ ነው የምላት። ማውራት ከፈለገች እሰማታለሁ፣ የት መሄድ እንደምትችልም በቃል እነግራታለሁ።